መኪናውን ሸጦ ማሽኑን የያዘው ፋብሪካ

በአውዲ መኪና ፊት ላይ የተያያዙት አራት ቀለበቶች ለምን አራት ሆኑ ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ ኦሎምፒክን ያነሳል፣ ሌላው አራቱን ጎማ ይቆጥራል። ነገሩ ግን ከስፖርትም ከጎማም ይልቅ ወደ ባንክ ይቀርባል። በ1932 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት የነበሩ፣ የኢኮኖሚው ቀውስ ያንገዳገዳቸው አራት የመኪና ስሞች በግዛቲቱ ባንክ ግፊት አውቶ ዩኒየን በሚባል አንድ ኩባንያ ስር ተሰበሰቡ። አውዲ፣ ዲኬደብሊው፣ ሆርህ እና ቫንደረር ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ ቀለበት ደረሳቸው። አውዲን ዛሬ የማያውቅ የለም። ሆርህ የባለጸጎች መኪና ስለነበር የጥንት መኪና ወዳጆች እስከ ዛሬ በስስት ያነሱታል። ዲኬደብሊው በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የሞተር ብስክሌት አምራች ነበር። አራተኛው ቀለበት ግን ባለቤቱ የጠፋበት ዕቃ ይመስላል፤ ቫንደረር ማን ነው ቢባል መልስ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው።

እኔም ስሙን የሰማሁት በመኪና በኩል አይደለም። እንጀራዬ ብረት መቁረጥ ነው። ሙያውን በተማርኩበት ወርክሾፕ ጥግ ላይ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይነቀንቀው የምሥራቅ ጀርመን ሚሊንግ ማሽን፣ ማለትም በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን፣ ነበር። ደረቱ ላይ በተለጠፈው ሳህን «ፍሪትዝ ሄከርት» እና «ካርል ማርክስ ሽታት» ይላል። መምህራችን ማሽኑን «ሽማግሌው» ይሉት ነበር፤ ከእሱ አጠገብ የቆሙ አዳዲሶቹ ማሽኖች ሲበላሹ ሥራው ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። አንድ ሰው በምን ዕዳው ስሙ ማሽን ላይ እንደተጻፈ ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አልጠየቅሁምም። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ፋብሪካ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ስቆጥር የደረስኩት አራተኛው ቀለበት ዘንድ ነው። ሽማግሌውና የቫንደረር መኪና የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቤቱ ያለው ኬምኒትዝ በምትባል ከተማ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች ኬምኒትዝን «የሳክሶኒ ማንቸስተር» ይሏት ነበር፤ የጭስ ማውጫ ጫካ ነበረች። ጥጥ ይፈተልባታል፣ ጨርቅ ይሸመንባታል፤ ፈትልና ሽመና ደግሞ ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑን ለመሥራት ሌላ ማሽን ያስፈልጋል። በጀርመን ምድር ማሽን የሚሠሩ ማሽኖችን ብቻ ለማምረት ከተነሱት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ዮሃን ዚመርማን ፋብሪካውን ያቆመው በዚችው ከተማ፣ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሱቅ ሲከፍት ጎረቤቱ ብረት ቀላጭ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት ደግሞ መፍቻ ሠሪ ነው።

በ1885 ዮሃን ባፕቲስት ቪንክልሆፈር እና ሪቻርድ አዶልፍ የኒከ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚያ የብስክሌት መሸጫና መጠገኛ ከፈቱ። መጀመሪያ የእንግሊዝ ብስክሌት እያስመጡ ነበር የሚሸጡት። ሲጠግኑ ሲጠግኑ ውስጡን አወቁት፤ ካወቁት በኋላ ራሳቸው ሠሩት። ቫንደረር የብስክሌታቸው ስም ነበር፣ በኋላ የፋብሪካው ስም ሆነ። በ1896 አክሲዮን ማኅበር ሲሆኑ ኬምኒትዝ ዳርቻ ላይ ሾናው በምትባል መንደር ሰፊ ፋብሪካ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የመኪና ታሪክ ጸሐፊዎች በሩጫ የሚያልፉት ቦታ ይህ ነው። ብስክሌት ቀላል ዕቃ ይመስላል። ግን አንዱን ፈታችሁ ጨርቅ ላይ ብትዘረጉት ውስጡ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ሥራ ነው። ኩሽኔታው ውስጥ የሚሽከረከሩት ኳሶች እኩል ካልሆኑ ጎማው ይንገዳገዳል። ሰንሰለቱ የሚያርፍበት ጊር ጥርሶቹ እኩል ካልተራራቁ ሰንሰለቱ ይዘላል። አንድ ብስክሌት በእጅ ሞርደህ ማስተካከል ትችላለህ። አሥር ሺህ ብስክሌት ሲሆን ግን ሞረድ አያዋጣም፤ የሁሉም ክፍል ለሁሉም እንዲገጥም ማሽን ያስፈልጋል።

ብረት የሚቆርጡት ማሽኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። ቶርኖ ላይ የሚዞረው ብረቱ ነው፤ ቢላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ሚሊንግ ማሽን ላይ የሚዞረው ባለብዙ ጥርሱ መቁረጫ ነው፤ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ታስሮ ቀስ እያለ ወደ መቁረጫው ይሄዳል። ጊር ለመቁረጥ ደግሞ ዲቫይዲንግ ሄድ የሚባል ማካፈያ ይገጠማል። የተለመደው ዓይነት እጀታው 40 ጊዜ ሲዞር የታሰረው ብረት አንድ ጊዜ ይዞራል። ባለ 18 ጥርስ የብስክሌት ጊር ልቁረጥ ብትል 40ን ለ18 ታካፍላለህ፤ ሁለት ሙሉ ዙርና ሁለት ዘጠነኛ ይወጣል። ስለዚህ ማካፈያው ላይ በክብ በክብ ከተደረደሩት ቀዳዳዎች 18 ቀዳዳ ያለውን ክብ መርጠህ እጀታውን ሁለት ጊዜ ታዞርና አራት ቀዳዳ ትጨምራለህ። ትቆርጣለህ። ጠረጴዛውን ትመልስና እንደገና ሁለት ዙር፣ አራት ቀዳዳ። መሐል ላይ ሰው ሰላም ቢልህ አትመልስም፤ አንድ ቀዳዳ ከተሳሳትክ ስህተቱ እዚያው ቆሞ አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥርስ ሁሉ ገፍቶ መጨረሻ ላይ አንዱን ጥርስ ከሲታ፣ ወይም ወፍራም አድርጎት ይወጣል። ሽማግሌው ላይ የመጀመሪያ ጊሬን ስቆርጥ መምህራችን ከኋላዬ ቆመው ዙሩን በለሆሳስ ሲቆጥሩ ይሰማኝ ነበር።

ቫንደረሮች ለብስክሌታቸው የሚሆን ሚሊንግ ማሽን በፈለጉት መጠንና ጥራት ስላላገኙ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ለራስ የተሠራ ዕቃ ደግሞ ጎረቤት ሲያየው ይወደዋል። ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ ማሽኑ ራሱ የሚሸጥ ምርት ሆኖ ነበር።

ይህ መንገድ የእነሱ ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው ሄንሪ ሌላንድ በብራውን ኤንድ ሻርፕ የማሽን ፋብሪካ ተሞርዶ ያደገ ባለሙያ ነው፤ ዲትሮይት ሄዶ ጊርና ሞተር የሚቆርጥ ወርክሾፕ ከፈተ፤ በ1902 ከዚያ ወርክሾፕ ካዲላክ ወጣ። በ1908 እንግሊዝ አገር ሦስት ካዲላኮችን ፈታትተው፣ ክፍሎቻቸውን አደባልቀው፣ መልሰው ሲገጥሟቸው ሦስቱም ተነስተው 500 ማይል ነዱ። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚሊንግ ማሽን ማስታወቂያ አላውቅም፣ ምንም እንኳ ሽልማቱን የወሰደው መኪናው ቢሆን። ሌላንድ ግን መኪናውን ሲያገኝ የማሽን ሥራውን መኪናው ዋጠበት። ቫንደረር በተቃራኒው ሄደ።

ለጊዜው ግን ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። በ1902 ሞተር ብስክሌት አወጡ። በ1904 ኮንቲኔንታል የተባለውን የጽሕፈት መኪና አወጡ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በጀርመን ቢሮዎች ሲንኳኳ የኖረው ይህ ነው። በ1912 ደግሞ መኪና።

ያችን መኪና በፎቶግራፍ እንኳ ያየ አይረሳትም። ጠባብ ናት። መጀመሪያ ላይ የተሠራችው ሾፌሩ ፊት፣ ተሳፋሪው ከጀርባው እንዲቀመጡ ነው፤ ጎን ለጎን መቀመጥ የለም። ከብስክሌትና ከሞተር ብስክሌት ቤት የመጣች መሆኗ ያስታውቃል፤ የሠሯት ሰዎች ሁለት ሰው አብሮ ሲጓዝ አንዱ ከአንዱ ኋላ እንጂ ሌላ አቀማመጥ የታያቸው አይመስልም። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1.15 ሊትር ገደማ፣ ጉልበቷ 12 ፈረስ። ዛሬ ከዚያ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው ሞተር ብስክሌቶች ሞልተዋል። ሕዝቡ በዘመኑ ከታወቀ አንድ የሙዚቃ ቴአትር ስም ወስዶ «ፑፕሸን»፣ አሻንጉሊቷ አላት። በኋላ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ዓይነትም ተሠራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሻንጉሊቷ ወታደር ሆነች፤ ጭቃ ውስጥ ገብታ መውጣቷን ያዩ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላም ገዟት። የመቀመጫው አደራደር ያስቃል፤ ሞተሩ ላይ የሳቀ ግን አልሰማሁም።

በ1920ዎቹ መኪናው እያደገ ሄደ። ኬምኒትዝ አጠገብ ሲግማር በምትባል ቦታ ለመኪና ብቻ አዲስ ፋብሪካ ተሠራ። መካከለኛ ገቢ ላለው ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ነጋዴ የሚሆን፣ የማይጮህ፣ የማያሳፍር መኪና ነበር የሚሠሩት። ዋጋው ግን ከሩቅ እየመጣ ነበር። መኪና ገንዘብ ይበላል። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር የቆርቆሮ መቅረጫው ይቀየራል፣ ሻጩ ብድር ይፈልጋል፣ የአሜሪካ መኪና በርካሽ ይገባል። ቀድሞ የተለቀቀው ሞተር ብስክሌቱ ነው፤ ይህም በ1929 ነበር። ፕራግ ውስጥ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የነበረው ፍራንቲሼክ ያኔቼክ ወደ ሰላማዊ ሥራ መዞር ፈልጎ የ500 ሲሲውን ቫንደረር ንድፍና የማምረቻ መብት ገዛ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የራሱን ስም መጀመሪያ (Ja) እና የቫንደረርን ስም መጀመሪያ (Wa) አጋጠመና ሞተር ብስክሌቱን ጃዋ አለው። ጃዋን እዚህ ድረስ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ግማሽ ስሙ የኬምኒትዝ መሆኑን ግን ስንቱ ያውቃል?

ከዚያ መኪናው። በ1931 ፈርዲናንድ ፖርሽ ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የንድፍ ቢሮ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቹ አንዱ ቫንደረር ነበር፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ንድፍ አዘዙት። ፖርሽ ለሥራው የሰጠው ቁጥር 7 ነው፤ ቢሮው ገና ትናንት የተከፈተ መሆኑ እንዳይታወቅበት ነው ይባላል። (ከ7 በፊት ስድስት ሥራ የሠራ መስሎ መታየት! የንግድ ብልጠት አገር አይለይም።) ያ ሞተር ለገበያ ሲደርስ ግን ቫንደረር የመኪና ባለቤት አልነበረም። በ1932 የመኪና ክፍሉን ለአውቶ ዩኒየን አስተላለፈ። ስሙ፣ ሞዴሎቹ፣ የሲግማር ፋብሪካ ሄዱ። በአዲሱ ቤት ዲኬደብሊው ትንንሾቹን፣ ሆርህ ቅንጡዎቹን ሲይዙ ቫንደረር የሚለው ስም መካከለኛው ላይ ተቀመጠ። ራሱ ቫንደረር ኩባንያው ግን አልገባም። ሚሊንግ ማሽኑን፣ የጽሕፈት መኪናውን፣ ብስክሌቱን ይዞ ሾናው ቀረ።

የመኪና ወዳጆች ይህን እንደ ሽንፈት ነው የሚጽፉት። እኔ አልስማማም። ከእሳት ውስጥ አንድ ዕቃ ይዘህ ውጣ ሲባል ሰው የሚያነሳው ነገር ዋጋውን ያሳያል። እነዚህ ሰዎች ያነሱት የሚያብረቀርቀውን ሳይሆን ሌላውን ሁሉ የሚሠራውን ነበር። ሚሊንግ ማሽን ገበያው ትንሽ ነው፣ ጎረቤት አያስቀናም፣ ሰልፍ ላይ አይወጣም። የሚገዛው ሰው ግን ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ዘንድሮ የገዛውን ሠላሳ ዓመት ይሠራበታል፤ መኪና አምራች ሁሉ፣ ተፎካካሪህ የነበረው ሳይቀር፣ ደንበኛህ ይሆናል።

እኛ አገር ሪባን የሚቆረጠው መኪና ሲገጣጠም ነው። ክፍሉ በሣጥን ይመጣል፣ ይታሰራል፣ ቀለም ይቀባል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል። ለአንድ ሚሊንግ ማሽን ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። መገጣጠም ክፉ ነው አልልም፤ ቪንክልሆፈርና የኒከም የጀመሩት የሰው ብስክሌት በመሸጥና በመጠገን ነው። ልዩነቱ ሲጠግኑ ዓይናቸው የነበረው ጊሩ በምን እንደተቆረጠ ላይ መሆኑ ነው። ተማሪዎቼ መኪና መፍታትና መግጠም ይወዳሉ፤ የተሰበረ ጊር ይዤ ገብቼ «ይህንን ማን ይሠራልኛል?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያን ጸጥታ ስሰማ ነው ቫንደረር ትዝ የሚለኝ።

ታሪኩን ማሳመር ግን አልፈልግም፣ ምክንያቱም ከ1933 በኋላ አያምርም። የጽሕፈትና የሒሳብ መኪና መሥራት የሚችል እጅ የምስጢር መጻፊያም መሥራት ይችላል፤ ቫንደረርም ለጀርመን ጦር የምስጢር መልእክት ማሽን ሠራ። በጦርነቱ መጨረሻ ፍሪትዝ ሜንዘር የነደፈውን፣ ጎኑ ላይ ባለው መዘውር ምክንያት «የሂትለር ወፍጮ» የተባለውን ኤስጂ 41ን የሠሩት እነሱው ናቸው። አውቶ ዩኒየን ለጦር ምርቱ የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ አሠርቷል። አራቱን ቀለበት በአድናቆት የሚያይ ሰው ይህንንም አብሮ ማየት አለበት። ሚሊንግ ማሽን ምን እንደሚቆርጥ አይጠይቅም፤ የብስክሌት ጊርም የጠመንጃ ክፍልም አንድ ናቸው ለእሱ።

በጦርነቱ መካከል የቫንደረር መኪና ምርት ቆመ፣ ዳግመኛም አልተነሳም። በ1945 ኬምኒትዝ በቦምብ ተደበደበች። ሶቪየቶች ሲገቡ ከጥፋቱ የተረፈውን ማሽን ለጦር ካሣ እየፈቱ ጫኑት። ለሌላው ማሽን ሲሠራ የኖረ ፋብሪካ ያለ ማሽን ቀረ። ከዚያ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ኩባንያው፣ ማለትም አክሲዮኑና የቢሮ ማሽኑ ሥራ፣ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሸሸ። በ1968 ሃይንዝ ኒክስዶርፍ የሚባል የኮምፒውተር ሰው ቫንደረርን ገዝቶ ኩባንያውን ኒክስዶርፍ ኮምፒውተር አለው፤ ዛሬ በብዙ አገር ባንኮች የገንዘብ መክፈያ ማሽን ላይ የሚታየው ኒክስዶርፍ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ቪንክልሆፈር ራሱ ፋብሪካውን ቀደም ብሎ ትቶ ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር፤ በ1916 ሙኒክ ላይ የሰንሰለት ፋብሪካ አቋቋመ። ኢቪስ ይባላል፤ ለመኪና ሞተሮች የሚሆን ሰንሰለት እየሠራ አለ። ከብስክሌት ሰንሰለት ተነስቶ ዕድሜውን ሁሉ ሰንሰለት ላይ የቆየ ሰው! እንዲህ ያለውን ግትርነት እወደዋለሁ።

ሚሊንግ ማሽኑ ግን ኬምኒትዝ ቀረ። ፋብሪካው ተወረሰ፣ የሕዝብ ተባለ። የቀረው ባዶ አዳራሽና የሰዎቹ እጅ ነበር፤ ከዚያ ተነስተው እንደገና ሚሊንግ ማሽን ሠሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፋብሪካው ስም ተቀይሮ ፍሪትዝ ሄከርት ተባለ። በ1953 ከተማዋም ስሟን ተነጥቃ ካርል ማርክስ ሽታት ሆነች። ማርክስ እዚያ አልተወለደም፣ አልኖረምም። በ1971 ከሰባት ሜትር በላይ ቁመት ያለው የማርክስ ራስ መሐል ከተማ ላይ ተተከለላት። እኛም በ1984 ከዚያው ከምሥራቅ ጀርመን የተገኘ፣ ከዚያ ያነሰ የማርክስ ራስ ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተተክሎልናል። የእኛ ሽማግሌ የዚያ ወዳጅነት ዘመን ልጅ ነው፤ ከሲሚንቶ ፋብሪካውና ከመምህራኑ ጋር ከመጡት አንዱ። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም የእነሱ ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው ያስታውሳል።

በ1990 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ከተማዋ ኬምኒትዝ የሚለውን ስሟን መለሰች። ከበርሊን ግንብ በስተምሥራቅ የነበረው ገበያ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ከተማዋ ውስጥ ስንት ፋብሪካ ተዘጋ። ሄከርትም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1998 ስታራግ የተባለ የስዊስ ማሽን አምራች ገዛው። አሁን የሚሠራው መቁረጫውን ራሱ መርጦ የሚቀያይር፣ ብረቱን በአራት ጎኑ እያዞረ የሚቆርጥ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ግዙፍ ማሽን ነው። ዲቫይዲንግ ሄዱን በእጅ የሚቆጥር የለም።

ሾናው ላይ ብስክሌት ከመሥራት የተጀመረው ሥራ ግን በዚህ ሁሉ መካከል አልተቋረጠም፤ የተቀያየረው ስሙ ነው። ፍሪትዝ ሄከርት ማን እንደሆነ በመጨረሻ አንብቤ አወቅሁ። የኬምኒትዝ ተወላጅ፣ ሙያው ግንበኝነት የሆነ ኮሙኒስት ነበር። በ1936 ሞስኮ ሞተ፤ አመዱ ያረፈው በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ነው። ከተማዋ ማርክስን ስትጥል የስዊሱ ባለሀብት ሄከርትን አልጣለም፤ ማሽኖቹን እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይሸጣል። ምክንያቱ ፖለቲካ አይደለም። ብረት የሚቆርጡ ሰዎች ስሙን ከማሽኑ ደረት ላይ አንብበውት ስለሚያምኑት ነው።